ትንፋሽ ያዝ

«ብረት አለ በአካልህ? ስንጥር፣ ጥይት፣ ሽቦ?»
ይላል የእኔ ቅጽ፣ ከላይ ታች ተስቦ።
ቪሬን አርናሸለም፣ ከሱያክ የመጣው፣
የሞሪሸስ ፀሐይ እንደ እንጨት ያደረቀው፣
«ብረትስ» አለኝ «ከእጄ ነው የኖረው፤
አርባ ዓመት ሸንኮራ የቆረጥኩበት፣
ከሥጋዬ ግና አላስገባሁት።»

ቀበቶውን ፈታ፤ ወገቡ ሲሳሳ
ትርፍ ቀዳዳ ሠርቷል፣ በምስማር እየበሳ።
መንደሩ ይስቃል፦ «ምን ስኳር አለበት፣
ነፋስ የሚወስደው፣ ስብ ያልዞረበት!
ስኳርስ ለሚስቱ፣ ለሉችሚ ነበር፣
በጎን ለምትገባ፣ ለጠበባት በር።»

እሷም አብራው መጣች፤ ጥናቱ የሚሻው
ከአንድ ድስት የበላ፣ አንድ ጣራ የያዘው
ባልና ሚስት ነው።
ቀለበቱን፣ ሰዓቱን በመሐረብ ቋጥራ
ኮሪደር ተቀመጠች፣ እስኪደርሳት ተራ።

ትንፋሽህን ያዝ።

ማሽኑ ያንኳኳል፣ ማዕበል ሲመጣ
እንደ ቆርቆሮ ቤት፣ ምስማሩ እንደወጣ።
ያፈርሳል ማግኔቱ የሥጋን ጋብቻ፦
ውሃውን ለብቻ፣
ስቡን ለብቻ።

ተንፍስ።

«ላዩን አይተህ እለፍ፣ ውስጡን ለቄስ» ይላል
የድሮ ሰው ሲተርት። እኔ ቄስ አይደለሁ፤ ግን ይታየኛል።
ቀጭን ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ዳቦ ተቆርሶ
ሰውዬው ይመጣል፣ ከስክሪኔ ላይ ደርሶ።

ከቆዳው ሥር ያለው የእርሳስ መስመር ነው።
ጉበቱ ግን፣ ወይ ጉበቱ! ነጭ ነው፣
መጋዘን ውስጥ በጆንያ እንደተከመረው፣
እሱ በፀሐይ ቆርጦ ሌላው በጥላ እንዳጣራው፣
እንደዚያ ነጭ ነው።
አንጀቱ መሐል፣ እጅ በማይደርስበት፣
ለክፉ ቀን ይመስል ተቀብሯል ቅባት።
«ሆድ ይፍጀው» ይባላል፤ ሆድ አይፈጅም ለካ፣
ያከማቻል እንጂ፣ ለማንም ሳያስነካ።
ጭኑስ? ያ ሸክሙን ይዞ ዳገት የወጣበት?
የድሮ ግድግዳ ነው፣ ጭቃው የረገፈበት፤
በየስንጥቁ መሐል ነጭ ገብቶበት።

ጻፍኩ፦ ጉበት፣ ከመቶ ሃያ ሦስት።
ቁጥር ምን ጣዕም አለው? ጻፍኩት።

ትንፋሽሽን ያዢ።

አልጋው ላይ ስትወጣ ዓይኗን ጨፈነች፤
ምንም ሳልናገር «ይቅርታ» አለች።
ስንት ጊዜ ብላው ይሆን፣ ለስንት ወንበር፣
ለስንት አውቶቡስ፣ ለስንቱ በር?

ስቧ ከቆዳዋ ሥር እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤
ጉበቷ ግን ጠቁሯል፣
ዝናብ እንዳጠበው የባሕር ዳር ድንጋይ።
ነገን አላውቅም። ማሽኑ ያለውን እንጂ የሚመጣውን አያይ።

ተንፍሺ።

ዶክተር ናዚማ ምስሎቹን አቆመች ጎን ለጎን፤
ስም የለም፣ «ጥንድ አርባ አንድ» ብቻ፣ ከግርጌው ጥጉን።
ሉችሚ ቀደመች፤ ጣቷን ቀሰረች፣
«ነጩ የእኔ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለች።

«የለም» አለች ዶክተሯ። «እሱ የባልሽ ነው።»

አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር የሚሰማው።
ቪሬን ምስሉን አየ። እጁ ቀበቶው ላይ ሄደ፣
ከቀዳዳ ቀዳዳ ጣቱ ወረደ።
«እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ «ሩዟን የምቀንስባት፣
በማንኪያ ጀርባ ከሰሃኗ ላይ፣
በየማታው፣ ሠላሳ ዓመት፣
ይብቃሽ እያልኳት።»

ጠበቅኩ። አሁን ትስቃለች አልኩ፣ አሁን ትከፍላለች፣
የመንደሩን ሳቅ ሁሉ ባንዴ ትመልሳለች።
መሐረቡን ፈታች።
ሰዓቱን አሰረችለት፤ ቀለበቱን በጣቱ
አጠለቀች፣ ሰፍቶታል፣ ዞረ በአጥንቱ።
ደረቱ ግን እንደተነፋ ቀርቷል፣ ሳይወርድ፣ ሳይመለስ፣
ማሽኑ ውስጥ እንዳለ፣ ትእዛዝ እስኪደርስ፤
እኔም ረስቼው ነበር።

«በቃ፣ ቪሬን» አለችው። «ተንፍስ።»